ከባሕር ዳር ኮምቦልቻ፤ በአየር 267፣ በቲኬት 586 ኪሎ ሜትር

ለመሆኑ ከባሕር ዳር ኮምቦልቻ ስንት ይርቃል? ጥያቄው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ የጂኦግራፊ ፈተና ይመስላል። ገንዘቡን በሁለቱ ከተሞች መካከል የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ ግን ሦስት መልስ አለው። በአየር ቀጥታ ቢኬድ 267 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ በመኪና ቢኬድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በተለመደው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማለትም በአዲስ አበባ በኩል፣ 586 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውሮፕላን መንገድ ያሳጥራል ሲባል ለኖረ ሰው የመጨረሻው ቁጥር ግራ ያጋባል። በሰማይ የሚሄደው መንገደኛ በምድር ከሚሄደው የበለጠ ይጓዛልና።

ይህ ጽሑፍ ስለ መንገደኛ ምቾት አይደለም። ስለ ገበያ ነው። በሁለት የክልል ከተሞች መካከል ያለው የጉዞ ሰዓት በረዘመ ቁጥር የገዢና የሻጭ ቁጥር ይቀንሳል፤ ገዢ ሲቀንስ ዋጋ ይወርዳል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው መንገደኛው ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት በአንድ እውነተኛ ገጠመኝ ልጀምር።

በ10 ደቂቃ የታጣ ጨረታ

ያገለገሉ ማሽኖችንና ቁርጥራጭ ብረት በመግዛት የሚተዳደሩ አንድ የባሕር ዳር ወዳጅ አሉኝ። በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ድርጅት ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ ማሽኖችን በጨረታ ለመሸጥ ያወጣውን ማስታወቂያ ተመለከቱ። ቃሉ ሁላችንም የምናውቀው ነው፦ ተጫራቾች የዋጋ ማቅረቢያቸውን ከሲፒኦ ጋር በታሸገ ኤንቬሎፕ እስከ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ድረስ በሳጥኑ ውስጥ እንዲያስገቡ፤ ሳጥኑም ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት በዚያው ቀን 4 ሰዓት ከ30 ላይ እንደሚከፈት።

ጋሼ ሲፒኦውን ከባንክ አሠርተው ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከቤታቸው ወጡ። በእጃቸው ያለው ሒሳብ ቀላል ነበር። ባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት፣ ድምር ሁለት ሰዓት። አዲስ አበባ ሲደርሱ የዕለቱ የኮምቦልቻ መቀመጫ ሞልቶ ነበርና በተጠባባቂነት ዋሉ፤ አልተሳካም። ሆቴል አድረው ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ ሄዱ። ከድርጅቱ በር የደረሱት 4 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ሳጥኑ ታሽጓል።

ልብ ይበሉ! አንድም በረራ አልዘገየም። አንድም ሠራተኛ አላጉላላቸውም። ሰዓቱ በሥርዓቱ ሄደ፤ ጨረታው በሥርዓቱ ተዘጋ።

ጋሼ ግን አልተመለሱም። ሳጥኑ ሲከፈት ከዳር ቆመው ሰሙ። የአሸናፊው ዋጋ ሲነበብ እሳቸው በኪሳቸው ካለው ኤንቬሎፕ ውስጥ ከጻፉት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «እኔ የከሰርኩት የሁለት ቀን ወጪዬን ነው። ሻጩስ? ሻጩ እንደከሰረም አያውቅ» አሉኝ በስልክ። እኔ ለዓመታት የኢኮኖሚክስ መጻሕፍት አገላብጬ በዚህ ዓይነት አጭር ቃል የተገለጸ አላገኘሁም። ርቀቱ አንድ ተጫራች ቀነሰ፤ የተቀነሰው ተጫራች ደግሞ ከፍተኛውን ዋጋ የያዘው ነበር።

ከቤታቸው ከወጡበት እስከ ድርጅቱ በር ድረስ 28 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወስዶባቸዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 267 ኪሎ ሜትር ለዚህ ብናካፍለው በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ይመጣል። ይህ የስግር በቅሎ ፍጥነት ነው።

አንድ ሰዓት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአየር ጉዞ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት አለ። አንደኛው አውሮፕላኑ ጎማው ከመሬት ከተነሣበት እስኪያርፍ ያለው ነው። ሁለተኛው ከቆመበት ተነሥቶ ሲንቀሳቀስ ተጀምሮ፣ መድረሻው ላይ ደርሶ እስኪቆም የሚቆጠረው ነው። በጊዜ ሰሌዳ ላይ የምናነበው ይህ ሁለተኛው ነው። በአጭር መስመር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ለነጋዴ ግን ሦስተኛ ሰዓት አለ፤ ከበር እስከ በር ያለው ሰዓት። ወደ አየር ማረፊያ የሚኬድበት፣ በፍተሻ የሚታለፍበት፣ ቀድሞ ተገኝቶ የሚጠበቅበት፣ ሻንጣ የሚቀበሉበት፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ የሚገባበት ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል። መሐል ላይ የአውሮፕላን ቅያሪ ካለ የመጠበቂያው ሰዓት ይታከላል። በረራው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንዱ ካመለጠ ሰዓቱ በቀን ይባዛል። የጋሼ ሒሳብ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የደመሩት በአየር ላይ ያለውን ሰዓት ሲሆን፣ ገንዘባቸውን የበላው በምድር ላይ ያለው ሰዓት ነው።

ዲሲ-3 ቢኖር ኖሮ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበርረው ኪው-400 የተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበርራል። ይህ አውሮፕላን ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ የጉናን ተራራ በስተግራው ትቶ፣ የበሽሎን ሸለቆ ተሻግሮ፣ በመቅደላ አናት አካባቢ አልፎ በቀጥታ ኮምቦልቻ ቢወርድ መነሻና ማረፊያው ታስቦ 45 ደቂቃ ገደማ ይበቃው ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰን ዲሲ-3ን እናስታውስ። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ሲሆን፣ ዛሬ አስፋልት የለበሱት የክልል አየር ማረፊያዎች ብዙዎቹ ገና የሣር ሜዳ ሳሉ ያገለገላቸውም እሱ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነበር። በ260 እንኳ ብናሰላው 267 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

እንግዲህ አስቡት። ቀጥታ የሚሄድ የአያቶቻችን ዘመን ቀርፋፋ አውሮፕላን፣ በአዲስ አበባ ዞሮ የሚሄደውን የዛሬውን ፈጣን አውሮፕላን በሰዓታት ይቀድመዋል። ፍጥነት ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ጉዞው ግን አላጠረም። ምክንያቱም የጉዞን ርዝመት የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን የመስመሩ አወጣጥ ነው።

አየር መንገዱ ተሳስቷልን?

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ወቀሳ ይሄዳል። እኔ አልሄድም። አየር መንገድ መስመሮቹን እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ወደ አንድ ማዕከል የሚሰበስበው በበቂ ምክንያት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሲበር ከውስጡ ያሉት መንገደኞች የአዲስ አበባ ብቻ አይደሉም፤ የዱባይ፣ የዋሽንግተን፣ የጅማ፣ የድሬዳዋ መንገደኞችም ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ድምር መቀመጫውን ይሞላል። ወደ ኮምቦልቻ ቀጥታ ቢበር ግን የሚሞላው የኮምቦልቻ መንገደኛ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ባለ 70 መቀመጫ አውሮፕላን በየቀኑ አንድ ጊዜ ሄዶ ቢመለስ በዓመት 51,100 መቀመጫ ያቀርባል። ሁለት ሦስተኛው ይሞላ ቢባል ወደ 34,000 ቲኬት መሸጥ አለበት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ይህን ያህል ቲኬት ገዝቶ የሚበር ሰው አለ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚከራከር ነጋዴ አላገኘሁም። በዚያ ላይ አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ ነው። ነዳጅ በብዛት የሚቃጠለው አውሮፕላኑ ሲነሣና ከፍታ ሲይዝ ነው። የሞተርና የማረፊያ ጎማ ጥገናም በተበረረው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥር ጭምር ይታሰባል።

ሁሉም የከተማ ጥንድ ቀጥታ በረራ ይገባዋል ማለትም አይደለም። ባሕር ዳርና ጎንደር በአየር 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይራራቃሉ፤ በአየር ላይ ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ወደ አየር ማረፊያ መሄጃውና ቀድሞ መገኛው፣ ከአዘዞ ወደ ጎንደር መግቢያው ሲደመር ሦስት ሰዓት ይደርሳል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን አስፋልት መኪና በዚያው ሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። እዚያ አውሮፕላን ከመኪና ጋር ተወዳድሮ አያሸንፍም።

የባሕር ዳርና የኮምቦልቻ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። መንገዱ ተራራ ወጥቶ ተራራ የሚወርድ የሙሉ ቀን ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናትም እንደነበሩ የከባድ መኪና ባለቤቶች ያውቃሉ። በዚህ ላይ አንደኛው የክልሉ መቀመጫና የጣና ዙሪያ ገበያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ደረቅ ወደብ ያለው የምሥራቁ በር ነው። የሚገዛዙት ነገር ያላቸው ከተሞች ናቸው።

ማን ያተርፋል?

በመሐል ያለው ያተርፋል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ገዢ ከኮምቦልቻም ከባሕር ዳርም የአንድ ሰዓት በረራ ርቀት ላይ ነው። ጠዋት ሄዶ ጨረታ ተካፍሎ ማታ ቤቱ ሊያድር ይችላል። የባሕር ዳሩ ገዢ በቀረበት ገበያ እሱ ይገዛል፤ የገዛውንም እንደገና ለባሕር ዳሩ ሰው ይሸጥለታል። ብረቱ ከኮምቦልቻ ባሕር ዳር ሲደርስ በመካከሉ አንድ ትርፍና አንድ ኮሚሽን ተጨምሮበታል።

በደላላው ላይ አልፈርድም። ደላላ የሚኖረው ገዢና ሻጭ መገናኘት ሲያቅታቸው ነው፤ ሥራው ያንን ክፍተት መሙላት ነው። ነገር ግን ክፍተቱ የመጣው ከዕቃው ጥራት ወይም ከመረጃ እጦት ሳይሆን ከበረራ መስመር አወጣጥ ከሆነ፣ ሁለቱ ከተሞች ለአዲስ አበባ የማይታይ ቀረጥ እየከፈሉ ነው ማለት ነው። የክልል ከተማ ባለሀብት «ሁሉ ነገር አዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንም» እያለ ቢሮውን ወደ መዲናዋ ሲያዛውር የሚሸሸው ከዚህ ቀረጥ ነው።

በስልክና በቴሌግራም ዘመን ምን ጉዞ ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ገንዘብ በሞባይል ይላካል፣ የመንግሥት ግዥም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው። ይሁን እንጂ ያገለገለ ማሽን በፎቶ አይገዛም። ዝገቱ ከቀለም ሥር ነው ያለው። ሰሊጥም ቢሆን በእጅ ተዘግኖ ካልታየ በመልእክት ብቻ ዋጋ አይቆረጥለትም። ጋሼ እንደሚሉት «ብረት በስልክ አይመዘንም»።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሦስት ማዕዘን በረራ። አሁን አንድ አውሮፕላን አዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ 666 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው አዲስ አበባ ኮምቦልቻ ደርሶ ሲመለስ 506 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ፤ በድምሩ 1,172። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ቢዞር የሚበርረው 853 ኪሎ ሜትር ነው። በሌላው ቀን ደግሞ ዙሩን ይገለብጠዋል። የአዲስ አበባ መንገደኛ መቀመጫውን ስለሚሞላው መካከለኛው መስመር ብቻውን ወጪውን መሸከም አይጠበቅበትም። ጉድለቱም መታወቅ አለበት። የሚቀርበው መቀመጫ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ የአዲስ አበባ መንገደኛም አንድ ከተማ ዞሮ ይደርሳል። ስለዚህ የሚመረጡት ቀናት ገበያው ቀዝቀዝ የሚልባቸው መሆን ይገባቸዋል። ሐሳቡ ደግሞ አዲስ አይደለም። ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እየነካ የሚያልፈው የቱሪስቶች የታሪክ መስመር በዚሁ ስልት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ለቱሪስት የሠራው ለነጋዴ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛ፣ ትንሽ አውሮፕላን። ባለ 19 መቀመጫ አውሮፕላን በሳምንት ሦስት ቀን ሄዶ ቢመለስ በዓመት የሚያቀርበው 5,928 መቀመጫ ነው። ሁለት ሦስተኛውን ለመሙላት 4,000 የማይሞላ ቲኬት ይበቃል። ከ34,000 ጋር አወዳድሩት። የግል ባለሀብት ቀድሞ ከ20 መቀመጫ፣ ኋላም ከ50 መቀመጫ በላይ ባለው አውሮፕላን መንገደኛ እንዳያጓጉዝ ሕጉ ይከለክል ነበር፤ ባለ 19 መቀመጫውን ግን ያኔም አልከለከለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ደግሞ የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና፣ ከ49 በመቶ ባልበለጠ ድርሻ፣ በአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርት እንዲሳተፍ ፈቅዷል። በሩ እንግዲህ የተዘጋ አይደለም። ታሪፉ ይወደዳል? አዎን፣ በትንሽ አውሮፕላን አንድ መቀመጫ የሚያስወጣው ወጪ ከትልቁ ይበልጣል። ግን ንጽጽሩ ከትልቁ አውሮፕላን ቲኬት ጋር ብቻ መሆን የለበትም። ከሁለት ቲኬት፣ ከአንድ አዳር፣ ከሁለት የሥራ ቀንና ካመለጠ ጨረታ ጋር ነው መሆን ያለበት። የኢኮኖሚክስ ሰዎች የዕድል ዋጋ የሚሉት ይህንን ነው።

ሦስተኛው የእኛው የቤት ሥራ ነው። የሁለቱ ከተሞች የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ስንት አባሎቻቸው በወር ስንት ጊዜ በዚህ መስመር እንደሚመላለሱ፣ ለቀጥታ በረራስ ስንት ብር ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆኑ ቆጥረው በወረቀት ያቅርቡ። ማንም አየር መንገድ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ በምሬት ላይ አውሮፕላን አይመድብም። በቁጥር ላይ ግን ይመድባል። «በረራ የለም» እያልን ቡና ቤት ስናማርር ከምንውል አንድ ገጽ ቆጠራ ይበልጣል።

እስከዚያው ድረስ ግን የክልል ከተማ ባለሀብት ሒሳቡን ያስተካክል። ቲኬት ላይ የተጻፈውን ሰዓት ሳይሆን ከበር እስከ በር ያለውን ይቁጠር። የጨረታው ቀን ሐሙስ ከሆነ ማክሰኞ ይነሣ፤ ወይም ሕጋዊ ወኪል እዚያው ከተማ ይያዝ። ጨረታ የሚያወጡ ድርጅቶችም ማስታወቂያው ከወጣበት እስከ ሳጥኑ መዝጊያ ያለውን ጊዜ ለራሳቸው ሲሉ ያርዝሙ፤ የመዝጊያውን ሰዓትም ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ያዛውሩት። ይህ ምንም ወጪ የለውም። በዕለቱ የመጀመሪያ በረራ የሚመጣ አንድ ተጫራች ብቻ እንኳ ቢጨምርላቸው ትርፉ የእነሱ ነው።

ሰሞኑን ለጋሼ ደውዬ ይህን ጽሑፍ እንደማዘጋጅ ነገርኳቸው። ሳቁና «አንተ ልጅ፣ ያቺን ኤንቬሎፕ እኮ እስካሁን አልቀደድኳትም» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው መሳቢያቸው ውስጥ ያስቀመጧት ለልጃቸው ለማሳየት እንደሆነ ነገሩኝ። ልጃቸው ሥራውን ወደ አዲስ አበባ እናዛውር እያለ ይጎተጉታቸዋል። እሳቸው እስካሁን አልተስማሙም፤ ኤንቬሎፗን ባዩ ቁጥር ግን የልጁ ክርክር እየከበደባቸው መሄዱን አልሸሸጉኝም።